የሹክሹክታ እንጀራ

ከአቃቂ የወጣሁት ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ቃሊቲ መናኸሪያ ገና ሊነጋጋ ሲል። በአንድ እጄ የልብስ ሻንጣ፣ በትከሻዬ ደግሞ በማዳበሪያ የተጠቀለሉ አስራ አራት የጎልፍ ዱላዎች ይዣለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት ማዳበሪያውን በእግሩ ገፋ አደረገና «ፌሮ አንጭንም» አለኝ። ፌሮ አይደለም፣ የጎልፍ ዱላ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሺ፣ እንደ ፌሮ ይጫናል» ብሎ ጣራው ላይ ወረወረው።

አባቴ ሊሸኙኝ መጥተው ነበር። አቶ ተሰማ ይባላሉ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና ማሽን መካከል ቆመው የሠሩ ሰው ናቸው። ፋብሪካው ጡረታ ሲያወጣቸው ጆሯቸውን ለራሱ አስቀርቶ ነው። ጆሯቸው ሥር ካልጮኹባቸው በቀር አይሰሙም።

«ደረጀ፣ ልጅህ ምን ሊሠራ ሄደ ሲሉኝ ምን ልበል?» አሉኝ።

«ጎልፍ ተጫዋች ነው ይበሏቸው!» ብዬ ጮህኩ። መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ጨዋታማ ሥራ አይደለም። የገና ጨዋታ እንኳ በዓመት አንድ ቀን ነው» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ከአገሬ ስወጣ ሀብትም ዝናም ፈልጌያለሁ፤ አልዋሽም። ከሁሉ በላይ የፈለግሁት ግን እኚያ ሰውዬ አንድ ቀን በገዛ አፋቸው «የልጄ ሥራ» እንዲሉ ነው። ለዚህ ሲባል ሞያሌን መሻገር ያስፈልጋል ብላችሁ ብትስቁብኝ አልፈርድባችሁም።

ጎልፍ ከአቃቂ ልጅ ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ አጎቴ መሃል ከተማ ባለ የጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር አጫጅ ነበር። ቦርሳ ተሸካሚ አድርጎ አስገባኝና የዲፕሎማቶችን የዱላ ቦርሳ እየተሸከምኩ፣ አመታታቸው በተበላሸ ቁጥር «ንፋሱ ነው ጌታዬ» እያልኩ አደግሁ። እሁድ እሁድ የተጣለ ዱላ ጠግኜ ወደ ኮዬ ፈጬ እሄዳለሁ። ያኔ ማሳ ነበር፤ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ገለባው ላይ ኳስ እመታለሁ። ዛሬ እዚያ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ምርጡን ምት የመታሁበት ቦታ ላይ አሁን የሆነ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ያሰጣል። እንግዲህ ሯጭ የሠለጠነበት ተራራ አለለት፤ የእኔን ማሠልጠኛ በዕጣ አከፋፈሉት።

አድጌ ከሁሉም ተሻልኩ። ተሻልኩ ስላችሁ ከማን ጋር ልወዳደር? ከንፋሱ? ኬንያ ውድድር አለ ሲሉኝ ተነሣሁ።

ሞያሌ ላይ የጉምሩክ ሰውዬ ማዳበሪያውን አስፈታኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጎልፍ ዱላ።»

«አስራ አራት?»

«ሕጉ የሚፈቅደው አስራ አራት ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የጎልፍ።»

«እኔ የማስከብረው የጉምሩክን ነው። አያቴ ዕድሜ ልኩን በአንድ ዱላ ነው የኖረው።»

አንድ በአንድ አስረዳሁት። ይሄ ለሩቅ ነው፣ ይሄ ከአሸዋ ለማውጣት ነው፣ ይሄኛው ደግሞ ጉድጓዱ ሥር ስትደርስ ቀስ አድርጎ ለማስገባት ነው።

«ጉድጓዱ ሥር ከደረስክ በእጅህ ብትከተው ምን አለበት?»

ዕድሜዬን ሙሉ ስጫወት እንዲህ ያለ ደህና ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ።

ናይሮቢ ሙቀት ነው ብዬ ጃኬቴን ለጎረቤት ሰጥቼ ነበር የወጣሁት። ሐምሌ ላይ የእንጦጦ ብርድ ተቀበለኝ። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው። ገንፎ ነው፤ ቅቤውና በርበሬው የት እንደገባ ግን የሚጠይቅ ሰው የለም። ሻዩን ከወተት ጋር አንድ ላይ ያፈሉታል። ይሄ ሁሉ ይለመዳል። የማይለመደው ሰው ቤት ስትሄድ የሚገጥምህ ነው። «ትበላለህ?» ይሉሃል። አንተ ለወጉ «ኧረ በልቻለሁ» ትላለህ። እነሱ ደግሞ «እሺ» ብለው ምግቡን ያነሡታል። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። የመጀመሪያውን ወር በይሉኝታ ምክንያት ጦሜን አደርኩ።

አከራዬ ማማ ንጄሪ ትባላለች። ሥራዬን ጠይቃኝ ጎልፍ ተጫዋች ነኝ ስላት ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ። «እዚህ አገር ጎልፍ የሚጫወቱት ሚኒስትሮች ናቸው» አለች። በማግስቱ በፌስታል የተጠቀለለ የመሬት ፋይል ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

«የመሬቱን ሚኒስትር ስታገኘው ስጠው።»

«ማማ፣ እኔ ሚኒስትር አላውቅም።»

«ጫማህ ላይ የነሱን ሣር ይዘህ እየገባህ እንዴት አታውቅም?»

ፋይሉ አልጋዬ ሥር ለዓመታት አብሮኝ ኖረ። በኋላማ ለእኔም አንድ ቀን ሚኒስትሩን የማገኘው ይመስለኝ ጀመር።

ፕሮፌሽናል የሚያሰኘውን ፈተና አለፍኩ። ፕሮፌሽናል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐሙስና ዓርብ ሁሉም ይጫወታል፤ ዓርብ ማታ ግማሹን ያሰናብቱታል፤ የተረፈው ቅዳሜና እሁድ ለሽልማቱ ይፋለማል። እኔ ለአራት ዓመት ቅዳሜን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ዓርብ ማታ ወደ ቤት እደውላለሁ። አባቴ ስልክ ስለማይሰሙ እናቴ ናት የምታስተረጉምልኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ሣሩ፣ በአንዲት ምት እንዴት እንደቀረሁ እተርክላታለሁ። እሷ ስልኩን ዝቅ አድርጋ «ደህና ነኝ ይላል!» ብላ ትጮህላቸዋለች። አለቀ።

በአራተኛው ዓመት ዕድል ፊቷን ወደ እኔ ያዞረች መሰለኝ። የማጣሪያ ውድድር ነበር፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት በውጭ አገር ለሚካሄዱ ውድድሮች ቋሚ ቦታ ያገኛሉ። በጎልፍ ጥቂት የመታ ነው የሚያሸንፈው፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ምት ቆጥሮ የሚጽፈው አብሮት የሚጫወተው ሰው ነው። የእኔን የያዙት ሚስተር ካማው ነበሩ፤ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ የተከበሩ ተጫዋች። ጨዋታው ሲያልቅ በስሌቴ ሦስተኛ ነበርኩ። ሚስተር ካማው ወረቀቱን አቀበሉኝ። ደንቡ ቁጥሩን አንድ በአንድ አይተህ ፈርም ነው የሚለው። አሁን እናንተው ፍረዱ፤ አንድ ሽማግሌ የጻፈውን እፊቱ ቁጭ ብዬ ልመርምር? አባቴ የሰጡኝን ነገር እፊታቸው ስቆጥር ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር? በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ፣ ሳላይ ፈረምኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዳኛው አስጠራኝ።

«አስራ ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ስንት መታህ?»

«አምስት።»

«ወረቀቱ አራት ይላል። ለምን ፈረምክ?»

«እሳቸው ናቸው የጻፉት።»

«ማረጋገጥ ነበረብሃ!»

«ስለማምናቸው እኮ ነው ያላረጋገጥኩት።»

ከመታው ያነሰ ቁጥር ላይ የፈረመ ተጫዋች ከውድድሩ ይሠረዛል። ተሠረዝኩ። ሚስተር ካማው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው «ልጄ፣ ለምን አላየኸውም?» ሲሉኝ እኔው ሆኜ አጽናናኋቸው። ኪሳራው የእኔ፣ ማጽናናቱም የእኔ።

ያን ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ይህችኛዋን ሳታሳጥር ነገረቻቸው መሰለኝ፣ የአባቴ ድምፅ ከኋላ መጣ። «የሽማግሌ ጽሑፍ ይመረመራል እንዴ? ደግ አደረገ በይው!» በአራት ዓመት ውስጥ ከአባቴ ያገኘሁት አንድ ምስጋና የተባረርኩበት ሆነ። አለቀስኩ። በደስታ ይሁን በንዴት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ውድድሩን የሚያስተላልፈው ቻናል አዘጋጅ ኦቲየኖ የሚባል ሰው ነው። የተሠረዝኩ ዕለት ማይክ አፌ ላይ ደቅኖ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ፣ ስለ ይሉኝታ፣ ስለ ሽማግሌ፣ ጦሜን ስላደርኩበት ሁሉ ዘረዘርኩለት። ተመልካች በሳቅ ሞተ አሉ። ከስድስት ወር በኋላ ቻናሉ በአማርኛም ማስተላለፍ ሲጀምር ጠራኝ። ሃያ ዓመት ዱላ ይዤ ያልሆነልኝ፣ ዱላውን ስጥል ሆነልኝ።

ለአባቴ አሁን የሚነገር ሥራ ተገኘ። ጋዜጠኛ! እናቴ እንደነገረችኝ አባቴ ይሄንን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ የቀድሞው ባቡር ሠራተኛ ጋሽ ለማን ጨምሮ ስድስት ጎረቤት ጠርተው ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጡ። ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

አንድ የረሳሁት ነገር ነበር። የእግር ኳስ አስተላላፊ ይጮኻል። የጎልፍ አስተላላፊ ግን ከተጫዋቹ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ሰውዬው ሊመታ ሲያነጣጥር ትንፋሽም ክልክል ነው። ስለዚህ ሹክ ይላል። ደመወዜ ለሹክሹክታ ነው የሚከፈለኝ። አቃቂ ላይ የተሰማው ምን እንደሆነ ገምቱ። ጋሽ ለማ «ተሰማ፣ ልጅህን አሞታል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ጆሯቸውን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ላይ ለጥፈው ቆዩና አንድም ነገር ሳይሰሙ ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ።

ይህን ስሰማ ሥራውን ልተው ምንም አልቀረኝም። ምን ዓይነት ዕጣ ነው? ለደንቆሮ አባት ሹክ የሚል ልጅ!

ለእናቴ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ቪዲዮ ያለው ስልክ ላክሁላት። የመጀመሪያ ቀን አባቴ ስልኩ ላይ አፍጥጠው ያዩኝ ጀመር። «አባባ፣ ይሰማሉ?» ብዬ ጮህኩ፤ ማማ ንጄሪ ግድግዳውን ደበደበች።

«ምን ያስጮህሃል?» አሉኝ። «ቀስ ብለህ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ።»

«ምን?»

«ማሽን ቤት ማን ድምፅ ይሰማል? ሠላሳ ሰባት ዓመት በከንፈር ነው የተነጋገርነው። ያን ቴሌቪዥን የከፈትኩት እኮ አፍህን ለማየት ነበር፤ እሱን ሳጣ ነው ጆሮዬን የለጠፍኩት። ሣር ብቻ ያሳዩኛል!»

ልጅ ሆኜ ስናገር አባቴ አፌ ላይ ያፈጡ ነበር። ልቆጣህ ነው የሚሉኝ እየመሰለኝ ነገሬን በአጭር እቀጭ ነበር። ለካ እያዳመጡኝ ኖሯል። ስንቱን ነገር ሳልነግራቸው ቀረሁ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ተቆጨሁ።

በሚቀጥለው ውድድር ደንብ ጣስኩ። ስልኬን ከሻይ ፔርሙሱ ጋር አስደግፌ ወደ አቃቂ ቪዲዮ ደወልኩና ሥራዬን ጀመርኩ። እኔ እዚህ ሹክ እላለሁ፤ አባቴ እዚያ ከንፈሬን አንብበው ለጎረቤት በሙሉ ድምፃቸው ያሰማሉ። «አሸዋ ውስጥ ገባበት ይላል! ምስኪን!» ስልኩ ከቴሌቪዥኑ ስለሚቀድም ደግሞ «ገባ!» ካሉ በኋላ ነው ኳሷ ስክሪኑ ላይ የምትገባው። ጋሽ ለማ «ተሰማ፣ ነቢይ ሆነሃል!» ሲሉ በጆሮ ማዳመጫዬ ይሰማኛል። ቻናሉ የአቃቂ አስተላላፊ በነጻ እንዳገኘ አያውቅም።

መጨረሻ ላይ ማስታወቂያ ገባ። ማይኩን ዘጋሁት። ኦቲየኖ ሻይ ሊቀዳ ተነሣ። አባቴ አሁንም አፌን እየጠበቁ ናቸው። ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ «አባባ፣ ይሄስ ሥራ ነው?» አልኳቸው።

ሲያስተጋቡ የቆዩት ሰውዬ ይህችን ለማንም አላሰሙም። ጎረቤቶቹን ዞር ብለው አዩና ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ከዚያ እሳቸውም ያለ ድምፅ፣ እንደ ማሽን ቤቱ ወግ፣ ተናገሩኝ። አንድ ቃል አልነበረም፤ ረጅም ነበር። መካከሉ ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ግን ማሽን ቤት ውዬ አላውቅም። አንዲትም ቃል አላነበብኩም።

ይድገሙልኝ ልል አፌን ስከፍት ኦቲየኖ ተመልሶ ጣቶቹን አነሣ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ማይኩ በራ።

ማታ ደወልኩ። «አባባ፣ ቀን ምን ነበር ያሉኝ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ከንፈሬን አነበቡ። «ነገርኩህ እኮ» አሉኝ። ደጋግሜ ለመንኳቸው፤ «ነገርኩህ፣ ልጄ» ብለው ስልኩን ለእናቴ ሰጥተው ሊተኙ ሄዱ።