ጸበል የገባበት የተቀጽላ ሽቶ

ያን ሰሞን ልጄ ስትወጣ ስትገባ አዲስ ነገር ይሸተኝ ጀመር። ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥብ ቅጠል በእጅ ሲታሽ የሚወጣው ዓይነት፣ ከኋላው ደግሞ ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው። ሃያዎቹን ገና መጀመሯ ነው። እዚህ ደቾች አገር፣ ሙርዋይክ በሚባል ሰፈር ባለችው ቤታችን የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮተርዳም ትሄዳለች። "እዚያ ምን አለሽ?" ስላት "ኮርስ ነው" ትለኛለች። የምን ኮርስ እንደሆነ ስጠይቃት "ብነግርሽም አይገባሽም" አለችኝ፤ በክፋት አይደለም፣ እየሳቀች ነው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝና ደግሜ አልጠየቅኳትም። በልቤ ግን ወንድ ነው አልኩ።

ወቅቱ የፈረንጆቹ ገና መዳረሻ ነበር። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሳጸዳ ከመስተዋቱ ሥር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ። የተለጠፈባት ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሳለ ቅርንጫፍ አለ፤ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ መሐሉ ላይ ነጫጭ ፍሬ አለው። ክዳኑን ሳነሳው ያው ሽታ ነው። ሥዕሉ ተቀጽላ ነው።

ተቀጽላ ሌላ ዛፍ ላይ ተለጥፎ ይበቅላል እንጂ የራሱ ሥር መሬት አይነካም። በእኛ አገር ልጆች ሆነን እንዳንነካው እንከለከል ነበር፤ መድኃኒት አዋቂ ለመስተፋቅር ይቆርጠዋል ይባላል። ከእኔ ከፍ የምትል የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። ለሰው ሠርግ ብላ ፀጉሯን በተቀባችው ቅቤ ውስጥ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ተቀጽላ አስጨመረባት ተባለ። ብዙም ሳይቆይ በጭነት መኪናው ተሳፍራ ተከትላው ጠፋች። እናቷ እስክትሞት ድረስ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ደጅ ትወጣ ነበር። እኔ ያደግኩት ያቺን ሴትዮ እያየሁ ነው።

እንዳልጠራጠር ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አብራኝ የምታጸዳ አንዲት የሱሪናም ተወላጅ አለች። በዚያው ሳምንት ይኸው ቅርንጫፍ በቀይ ሪባን ታስሮ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ተሰቅሎ አየንና ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ከሥሩ ከቆምሽ ያገኘሽ ሰው ይስምሻል" አለችኝ።

"የማላውቀው ሰውም?"

"አንቺንማ ከነመጥረጊያሽ ማንም አይስምሽም፣ አትፍሪ።"

ያኔ ስቄ ነበር። አሁን ጠርሙሱን ይዤ ቆሜ ሳስበው፣ ለካ ፈረንጆቹም ያውቁታል።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጸበል ነበር። በስመ አብ ብዬ በማንኪያ ጨመርኩበት። እንደ ውሃ ጥርት ያለው ነገር ዓይኔ እያየ ነጣ። ወተት መሰለ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ውስጡ ያለው ክፉ ነገር ጸበሉ ሲነካው ተገለጠ ብዬ ነው። ማን አደረገባት? ስንት ጊዜ ተቀባችው? ካሁን በኋላስ ትመለስልኛለች?

ከቀትር በኋላ ስትመጣ ጠርሙሱን ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋት።

"ማን ነው የሰጠሽ?"

ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ። "ምን አደረግሽው?"

"መጀመሪያ ማን እንደሰጠሽ ንገሪኝ።"

"ማንም አልሰጠኝም። እኔ ነኝ የሠራሁት። እማዬ፣ ምን ጨመርሽበት?"

"ጸበል።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትናደድ በደች "ዱ ኖርማል" ትለኛለች፣ አደብ ግዢ እንደማለት ነው። ያን ቀን እሱን እንኳ አላለችም። ሮተርዳም የምትማረው ሽቶ መቀመም መሆኑን፣ በማግስቱ አምስተርዳም ላይ ይህንኑ ጠርሙስ ለፈታኞች እንደምታቀርብ፣ ካለፈች ትልቅ ትምህርት ቤት እንደምትገባ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

"ወንድ የለም?"

"የለም።"

"ታዲያ ለምን ነጣ?"

"ሽቶ ዘይትና አልኮል ነዋ። ውሃ ሲገባበት ይደፈርሳል፤ የቧንቧም ይሁን የቤተ ክርስቲያን።"

"ተቀጽላውስ?"

ሥዕሉን እያሳየሁ ስለ ጎረቤታችን ልጅና ስለ እናቷ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ይሄ ተክል እኮ ሽታ የለውም" አለችኝ። "ብትጨምቂውም አይሸትም። እኔ ክረምት ጫካ ውስጥ ቢሸት ምን ይመስል ነበር ብዬ ከሌላ ከሌላው ሠራሁት። ከጥድ፣ ከአረንጓዴ ፖም፣ እርጥብ ግንድ ከሚመስል ነገር። አንዲት ቅጠል ተቀጽላ የለበትም።"

አንዲት ቅጠል።

"እንደገና ሥሪው" አልኩ በመጨረሻ።

"ዘይቶቹ ሮተርዳም ናቸው። ዛሬ ዝግ ነው።"

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ የደፈረሰውን ጠርሙስ በሻርፕ ጠቅልላ ያዘችው። "በይ ጸልዪበት፣ አንዴ ጀምረሽዋል" አለችኝ። አምስተርዳም ስንደርስ እሷ ገባች፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲቀበሏት ለመንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የለመንኩት ነገር የለም።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

"ለምን ደፈረሰ አሉኝ። እናቴ ፈርታ ጸበል ጨመረችበት አልኳቸው። አንዷ ሴትዮ ምን አስፈራት አለችኝ፣ የጎረቤታችሁን ልጅ ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉም ደግመው አሸተቱት።"

"እሺ?"

"ተቀበሉኝ።"

እልል ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ።

"እማዬ፣ ትምህርት ቤቱ ያለው ፈረንሳይ ነው። ሁለት ዓመት ነው።"

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ።

"ቀድመሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?"

ሻርፑን ከእጇ ተቀብዬ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩላት።

አሁን ሄዳለች። ትታልኝ የሄደችው ጠርሙስ እስካሁን ከመስተዋቱ ሥር ነው፤ እንደነጣ አለ፣ ሽታውም አልጠፋም። ስታመም እንኳ እንዳልነግራት እጠነቀቃለሁ፣ ትምህርቷን ትታ ትመጣለች ብዬ። የሙርዋይክ ባቡር በቤታችን አቅራቢያ ያልፋል። ሲያልፍ ከፈረንሳይ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን ድምፁን ስሰማ የያዝኩትን አስቀምጬ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ።