በኮከብ ፍጥረት ምክንያት ያለፈኝ ጽዋ

ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ከሰው ጋርም መጣላት አልወድም። ያችን ነገር ሳስብ ግን ዛሬም ደረቴ ይግላል።

ጠላት ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ደባርቅ ላይ በቅሎ እየጫንኩ መንገደኛ አመላልስ ነበር። አንድ ጊዜ ቅጠል የሚሰበስብ ፈረንጅ ወደ ስሜን ይዤ ወጣሁ። ጅብራ ከሚባለው የውርጭ አገር ተክል ዘንድ ስንደርስ ቆመና በአስተርጓሚው በኩል፣ «ይህ ተክል ሲመሽ ቅጠሉን እንደ ጋቢ የሚከናነበው አገሩ ውርጭ ስለሆነ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ወደ ሰማይ ጠቆመ። «በሌላ ዓለም ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር እኛን አይመስልም። አገሩ ሰውነትን ወደ ታች የሚጫን ከሆነ እግሩ አጭርና ወፍራም ይሆናል። ብርሃን ከሌለ ዓይን ምን ያደርግለታል? እየዳሰሰ ይኖራል።»

ሸጋ ነገር ሆኖ አገኘሁትና በሚካኤል ማኅበራችን ጠላ እየጠጣን አወራሁት። የሚቀጥለው ወር ድግስ የእኔ ተራ ነበር።

አንዱ ደብተራ ቀደም አለ። «ምነው፣ በቅሎ ነጂ ከመቼ ወዲህ ነው ሰማይ የሚጭነው? ደግሞስ ዓይን ከሌለው የዚያ አገር አዳም ዕፀ በለሷን በምን አያት?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። የንስሐ አባቴ ብቻ አልሳቁም። «ፍጥረት በስድስት ቀን አልቋል። በዚያ ላይ የሚጨምር እምነቱ ጎድሏል» አሉ።

ጽዋው ለባለተራ ሲሰጥ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ በጉልበቴ በኩል አልፎ ለጎረቤቴ አስረከበው። እቤቴ ብቅሉ ደርቆ፣ ጌሾው ተወቅጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ ውሃ የምትቀዳው ሴቶቹ ከምንጭ ከተመለሱ በኋላ ሆነ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን የእግዚአብሔርን እጅ ያሳጠረው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?

ወር ሳይሞላ እኒያው አባ ለተዝካር ዛሪማ መውረድ አማራቸውና በእኔ በቅሎ ሄድን። ከላይ ገብስ ነበር፤ የሊማሊሞን ቁልቁለት ስንጨርስ ማሽላ ሆነ። አባ ጋቢያቸውን አውልቀው ኮርቻው ላይ ጣሉት።

«አባ» አልኳቸው፣ «ጠዋት ያየነው በግ ጠጉሩ መሬት ሊጠርግ ምንም አልቀረው። ይኸን የቆላ በግ ደግሞ ይዩት፣ የተላጨ ይመስላል። የአንድ ቀን ቁልቁለት ይህን ያህል ከለየው፣ እስከ ኮከብ ያለው መንገድስ?»

አባ ላባቸውን ጠረጉ። «እውነትህን ነው ልጄ። የእሱን ጥበብ ማን ይጨርሰዋል?»

እንግዲህ ጽዋዬ ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝ።

በጎረቤቴ ቤት ማኅበሩ ሲሰበሰብ የእኔ ነገር ተነሣ። አባ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አባ ዋንጫቸውን አዩ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ለራሴ ቢሆን ከማኅበሩ እወጣ ነበር፤ ለሚስቴ ስል ተሸከምኩ። ማጅራቴ ላይ ድንጋይ አድርጌ ደጃፉ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ምን በደልክ?» አለኝ ሙሴው።

ቀና ብዬ አባን አየሁ። እሳቸው ፈጠን ብለው መስቀላቸውን ዘረጉና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ፣ ወደ ሌላ እያዩ።

ጽዋው እቤቴ ገባ። ሚስቴም ያን ሌሊት ሙሉ እልል ስትል አደረች ማለት ይቻላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የሚመልስልኝ አጥቻለሁ፦ ዛሪማ ላይ እውነት የነበረው ነገር፣ ደባርቅ ሲወጣ ምነው በደል ሆነ?