በመርገም ጎጆ የተደበቀው ኦሪት

የበደለኝ የአጎቴ ልጅ አለቤ ነው። ከጎንደር ወደ እስራኤል በመጣን ሰሞን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቴፕ ይዞ ለመጣ ተመራማሪ «ካድሬዎች መንደሩን ሲፈትሹ የቄስ ታያቸውን ኦሪት ዋሻ ውስጥ ደብቄ ያዳንሁት እኔ ነኝ» አለ። ቄስ ታያቸው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሰርጉ የክብር ወንበር የአለቤ ሆነ። ዘንድሮም ክፋር ጋኒም አዳራሽ ተከራይተው ሊሸልሙት ነው ሲሉ ሰማሁና ስለ አባቴ ኦሪት የተጻፈውን ላይ ወደ ፔታህ ቲክቫ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ።

ለውሰት ከማይሰጡት መጻሕፍት አንዱን፣ የእኛን የቤተ እስራኤል ቄሶች ታሪክ የያዘውን፣ ስከፍተው ያረጀው የቆዳ ሽፋን ሽታ ያንን ጎጆ ፊቴ ላይ ድቅን አደረገብኝ፤ ከመንደሩ ዳር በድንጋይ የተከበበውን፣ ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ የሚቀመጡበትን፣ ወንድ ቀርቶ ጥላው የማይደርስበትን የመርገም ጎጆ፣ እናቴ ኦሪቱን በአጎዛ ጠቅልላ ከጭዱ ሥር የሸጎጠችበትን፣ እኔም በአሥራ ሁለት ዓመቴ «መጣብኝ» ብዬ ዋሽቼ፣ አክስቶቼ «ይቺ ደግሞ ቸኮለች!» እያሉ እየሣቁብኝ፣ ከእሷ ጋር ሰባት ቀን ቆሎ እየቆረጠምሁ የጠበቅሁበትን። አባቴ አላወቀም። ቢያውቅ ኦሪቱን ዳግመኛ በእጁ ባልነካው ነበር።

አባቴን በስሙ ፈልጌ አጣሁት። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ እዚህ የተወለደች የእኛው ልጅ፣ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ የሚሽፓሓ፣ የቤተሰብ ስሙ ማነው?»

«የምን ሚሽፓሓ? ታያቸው ነው፤ አባቱ ፈረደ።»

«በሰደር፣ እሺ፣ ፈረደ ብለን እንየው።»

በአያቴ ስም ሥር አምስት መስመር ሆኖ ተገኘ። ዋሻው አለ። አለቤ አለ። እናቴ የለችም። ከግርጌው የመረጃው ምንጭ ያ ቴፕ መሆኑ ተጽፏል።

«ያላ፣ ዋናውን ቴፕ እናስመጣዋ!» አለች ልጅቷ።

በሳምንቱ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። እኔ የማስታውሰው «ውሸት ነው!» ብዬ መጮኼን፣ አለቤም «ዝም በይ» ማለቱን ነበር። ለልጆቼም አርባ ዓመት እንዲያ ነው የነገርኋቸው። በቴፑ ላይ ግን ተመራማሪው «አንቺስ ልጅቷ፣ አይተሻል?» ይላል። እናቴ ትስላለች። ያችን ሳል አውቃታለሁ፤ አፍሽን ያዢ ማለቷ ናት። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፦

«አዎ፤ ዋሻ ውስጥ ነው። አለቤ ነው የደበቀው።»

ልጅቷ «እማማ፣ ምነው? ውኃ ላምጣልዎት?» አለችኝ።

አባቴ አለቤን እንደመረቀ ሞተ። እናቴ እንደሳለች፣ ማንም አንድ ቀን «እጅሽ ይባረክ» ሳይላት ሞተች። ኦሪቱ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ እኔ እንኳ ልነካው አልችልም።

ለመጽሐፉ አዘጋጆች ደብዳቤ ጻፍሁ። ጎጆውን ጻፍሁ፣ አጎዛውን ጻፍሁ፣ የእናቴን ስም ጥሩወርቅ አየነውን ጻፍሁ። የዋሸው አለቤ፣ የመሰከርሁለት እኔ ብዬ ፈረምሁ። አንዱን ቅጂ ከሽልማቱ በፊት ለአለቤ ላክሁለት።