የሁልዳ የውሃ ተራ

የሁልዳ የውሃ ተራ በየሳምንቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ አስር ሰዓት ነው። ከአስር ሰዓት በኋላ የጋራ ቦዩ ውሃ የጎረቤቷ የአልማ ነው፤ ማንም ቢለምን አንዲት ደቂቃ አይጨመርለትም። በአሜሪካው የዩታ በረሃ በሐምሌ ሐሩር ደግሞ ድንች ሌላ ሳምንት አይታገስም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚሁ በድንች ማሳዋ ነው።

ያን ቀን አምስት ተኩል ሆኖም ቦዩ ደረቅ ነበር። አካፋዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቦዩን ተከትላ ሽቅብ ወጣች፤ መንገዱን ሁሉ አልማን በሆዷ ስትረግም፣ ውሃዬን ሰረቀኝ ብላ። ምስኪኑ አልማ ግን ምንም አላደረገም። የቦዩ ዳር ተደርምሶ ውሃዋ የቀድሞዎቹ ሰፋሪዎች ጋሪ በመንኮራኩሩ ቦርቡሮ በተወው መንገድ ገብቷል። እነሱ እንዳለፉት ወደ ምዕራብ፣ ማንም ወደማይዘራበት አሸዋ ይነጉዳል።

የቦዩ ጠባቂ ኦርሰን ከፈረሱ ወርዶ የተደረመሰውን ለመድፈን አሸዋ በአካፋ ይዝቃል፤ ውሃው እየጠረገ ይወስድበታል።

«እህት ሁልዳ፣ ድንጋይ ካላገኘን አለቀልን።»

«ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከሰማይ?»

በዚያ አካባቢ ያለው ድንጋይ ከጋሪው መንገድ ዳር የተከመረው ብቻ ነው። ከሥሩ ታናሽ ወንድሟ ኒልስ ተቀብሯል። ከሰፋሪዎቹ ጋር በዚያ መንገድ ሲመጡ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። ትኩሳት ገደለው፤ አባቷ አውሬ እንዳያወጣው ድንጋይ ከመረበት። ሌላ ምልክት የለውም።

«እኔ መቃብሩን አልነካውም» አለ ኦርሰን ፊቱን አዙሮ።

«ማን ንካ አለህ?»

የመጀመሪያውን ድንጋይ ስታነሳ «ኒልስዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ቀና ሳትል ተመላለሰች። ኦርሰን እየተቀበለ ደረደረው። ሰባት ሰዓት ላይ ውሃው ወደ ቦዩ ተመለሰ።

«ሦስት ሰዓት ይቀርዎታል። ግማሹን ማሳ ያዳርሳል።»

«አስር ሰዓት ሲሆን ድንጋዩን እመልስለታለሁ።»

«እንዴት አድርገው? ካነሱትማ የአልማም ውሃ በዚያው ይነጉዳል። ከሱ በታችም ሰዎች አሉ።»

ይህን አላሰበችም ነበር። ድንጋዩ ወደነበረበት ቦታ አየች፤ ነፋሱ አሸዋውን መግፋት ጀምሯል።

«ግድ የለም፣ ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ» አለች።

«እርስዎስ ያውቁታል። ከእርስዎ በኋላስ?»

ውሃው ማሳዋ ሊደርስ ነውና አካፋዋን ይዛ ቁልቁል ሮጠች። ሁለት ጊዜ ዞራ አየች፤ በሁለተኛው ጊዜ የኒልስን ቦታ ከሌላው አሸዋ መለየት አቃታት።