የመድረክ ባሌ

መቀሌ ገበያ ስወጣ የማላውቃቸው ሴቶች «ባልሽ እንዴት ነው?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ልጆቼ አባት ሳይሆን ስለ መድረክ ባሌ ነው። በከተማችን የቴያትርና የውዝዋዜ ቡድን ውስጥ እኔና እሱ ለዓመታት ባልና ሚስት ሆነን ተጫውተናል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ መቀሌ ያመጣኝ ትዳር ነው። ትግርኛዬ ዛሬም ይሰባበራል። እሱ መድረክ ላይ ስህተቴን ተቀብሎ፣ የባሰ አጣሞ ሲመልስልኝ ተመልካቹ በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። ከመድረክ ስንወርድ «ሓፍተይ» ነው የሚለኝ፣ እንደ እህቱ።

ጦርነቱ ቆሞ ቡድኑ እንደገና ሲሰበሰብ አዳራሹ ባዶውን ጠበቀን። ፓውዛዎቹ ተነቅለዋል፣ መጋረጃው የለም፣ የአልባሳት ክፍሉ በሩ ሳይቀር ተወስዷል። ተወዛዋዦቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። ስላልመጡት ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። የመድረክ ባሌ በጣም ከስቶ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ መጣ። የበኩር ልጁ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም፤ ሞተም አልተባለም።

አዘጋጁ ድሮ የምንጫወተውን ኮሜዲ መረጠ። በቴያትሩ ውስጥ ሽማግሌዎች ለሰነፉ ልጃችን ሚስት ሊያጩለት መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ ልጁ ግን ከአልጋው አልነሳ ብሏል። አባትየው መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «አንተ ልጅ፣ አትወጣም እንዴ?» እያለ ይጮኻል። ከፍተኛው ሳቅ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

«ይህቺን ቦታ ብናወጣትስ?» አለው አዘጋጁ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ለምን ትወጣለች? ሰው የሚስቀው በሷ አይደል? ደግሞ ልጄ ይመጣል።»

ልምምዱን ጀመርን። እንደ ድሮው ይጮኻል፣ እንደ ድሮው እንስቃለን።

ልምምዱ ሳያልቅ በጦርነቱ የሞቱት ልጆች መርዶ በየቤቱ ተነገረ። ከተማው በአንድ ጊዜ ድንኳን በድንኳን ሆነ። ከዓይደር ሰፈር እስከ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከአንዱ ለቅሶ ወጥተን ሌላው እንገባ ነበር፤ የምናጽናናው ሰው ራሱ ማግስቱን እኛን ሊያጽናና ይመጣል። ከበሮ የሚመታ ጠፋ። የመድረክ ባሌም ቤት መርዶው ገባ።

ድንኳኑ ውስጥ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱ ውጭ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፣ ወንበር ያቀርባል።

«እቤት አያለቅስም» አለችኝ ሚስቱ ቀስ ብላ። «አንቺ ጋ አልቅሶ ያውቃል?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ የት ነው የሚያለቅሰው?»

እጇን ያዝኩ።

ከወራት በኋላ ቴያትሩ ተከፈተ። ተወዛዋዦቹ ጥቁር ልብሳቸውን አውልቀው ነጩን ቀሚስ ሲለብሱ አንዷ እንቢ ብላ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ቀረች። አዳራሹ ግን ሞልቶ ነበር። ሰው ሳቅ ናፍቆት ስለነበር ገና ስንገባ ሳቀልን።

የመድረክ ባሌ በሩ ጋ ደረሰ። «አንተ ልጅ፣ አትወጣም እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ቀጥሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ይቅርታ መጠየቅ ነበረበት፤ አልዞረም። በሩን እያየ ቆመ። ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ቀጥ አለ። የሱን ቃል እኔ ነጥቄ ተናገርኩለት፤ የሰማኝ አልመሰለኝም። ሁለት እጁን በሩ ላይ ዘርግቶ፣ እየለመነ በሚመስል ድምፅ፣ «ውጣ እንጂ የኔ ልጅ» አለ። ጽሑፉ ላይ እንዲህ የሚል የለም።

ከተመልካቹ መሀል አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንሰቅሰቅ ጀመረች። እጁን ይዤ ከመድረክ አወረድኩት። ቴያትሩ በዚያው ተቋረጠ፤ ዳግም አልታየም።

የዓመቱን ቀሪ ጊዜ በተፈናቃዮች መጠለያዎች አጫጭር ድራማ ስናሳይ አሳለፍን። እሱ ድምፅ ማጉያ እየተሸከመ ይከተለናል እንጂ አይጫወትም ነበር። አንድ ቀን መኪና ውስጥ «እስከ መቼ ነው እንዲህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አባት አታድርጉኝ፣ ሓፍተይ። ሌላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ሜዳ ላይ ተጥሎ የቀረ ፈንጂ የሚያገኝ ሰው አደረግነው። ድራማው ለልጆች ነበር። መጠለያ በሆነ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ያገኘውን ብረት ጎንበስ ብሎ ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ሕፃናቱ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «አትንካ! አትንካ!» እያሉ ጮኹ። እጁን ሰበሰበ። እንደገና ሲዘረጋ የባሰ ጮኹ፤ አንዷ ትንሽ ልጅ ሮጣ መጥታ ሱሪውን ይዛ ጎተተችው። ያኔ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልጅቷ ሱሪውን እንደያዘች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀሰ። ልጆቹ የድራማው ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።