የምራቷ ሦስት ሴንቲ

በዩኒፎርም መስፊያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ «ዓይነ ሜትር» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላት ነበር። ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች እንጂ ብዙም አትዘረጋውም፤ ጨርቁን አየት ታደርግና መቀሷን ታሳርፍበታለች። ጡረታ በወጣች በዓመቱ አብራት የምትኖረው ምራቷ አረገዘች። ዓይነ ሜትርም ለመጀመሪያ የልጅ ልጇ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ልትሰፋ ተነሳች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሳሎኑን ጠረጴዛ ገፋ አድርጋ ቁርጥራጩን ወለሉ ላይ ደረደረች። መሃሉ ሰማያዊና ነጭ፣ ርዝመቱ መቶ ሃያ ሴንቲ፣ ወርዱ መቶ ሁለት። ዙሪያውን ደግሞ ከሁለት ከሁለት ሦስት ማዕዘን የተገጣጠሙ፣ ጎናቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ሴንቲ የሆነ ካሬዎች ሊከፍፉት ነው። ጎረቤቶቿ፣ ጡረተኛዋ አስተማሪና ፀጉር ሠሪዋ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያደንቃሉ። ምራቷ ሆዷን ደገፍ አድርጋ በሩ ላይ ስታይ ቆየችና ጠርዙ ማዕዘን ላይ እንደማይገጥም በዝግታ ተናገረች። መቶ ሃያ ለዘጠኝ አይካፈልም። በመሃሉና በጠርዙ መካከል ሦስት ሴንቲ ልሙጥ ጨርቅ በዙሪያው ቢገባ ግን በርዝመቱ አሥራ አራት፣ በወርዱ አሥራ ሁለት ካሬ ልክ ይመጣል አለች።

«አንቺ ደግሞ መርፌ ይዘሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ዓይነ ሜትር።

ሴቶቹ ሳቁ። ምራቲቱም ፈገግ ለማለት ሞከረችና ወደ ማድ ቤት ገባች።

ስፌቱ ሲጀመር የመጨረሻዋ ካሬ ሲሶዋ ብቻ ገባ። ብትስበው ጨርቁ ተኮማተረ፤ ብታጠብበው ሌላው ማዕዘን አፈነገጠ። ሁለት ቀን ስትሰፋ ስትተረትር ዋለች። በሦስተኛው ቀን፣ ምራቷ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ስትሄድ ጠብቃ፣ ቢጫ ልሙጥ ጨርቅ አወጣችና ሦስት ሴንቲ ለካች። ጠርዙ ቁጭ አለ።

ሕፃኗ ተወልዳ ጎረቤቶቹ ሊጠይቁ ሲመጡ አስተማሪዋ ብርድ ልብሱን ዳበስ ዳበስ አደረገች። ውበቱ ይቺ ቀጭን ቢጫ ናት፣ እንዴት መጣልሽ ብላ ጠየቀች። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ያው ልምድ ነው እንግዲህ» አለች ዓይነ ሜትር።

ምራቷ ሕፃኗን እያጠባች ነበር። ቀና ብላ አየቻት፤ ቁጣ የለበትም፣ ምንም የለበትም። ዓይነ ሜትር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጠበባት። ምራቷ «እማዬ» ባለቻት ቁጥር ሽምቅቅ ትላለች። ሳትጠየቅ ዳይፐር ትገዛለች፣ የበሰለውን ሁሉ ከልክ በላይ ታመሰግናለች፤ ይብስ አስተዛዘባቸው እንጂ ምንም አላቀለለላትም። ለወንድ ልጇ፣ ለምራቷ ባል፣ ብታዋየው «ለጨርቅ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብሎ ሳቀ።

አንድ ጠዋት ሁለቱ ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ አላስቻላትም። እርጥቡን አንሶላ እንዳቀፈች ቆመች።

«ያ ቢጫው ያንቺ ሐሳብ ነበር። ደብቄ ነው የሰፋሁት።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ሰው ፊት ደግሞ የራሴ አደረግሁት።»

ምራቷ የያዘችውን መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰካች። «እሱ ብዙም አልከፋኝም። መርፌ ይዘሽ ታውቂያለሽ ያሉኝ ነው የከፋኝ። እናቴ እኮ ድንኳን እየሰፋች ነው ያሳደገችኝ።»

ዓይነ ሜትር ያቀፈችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣለችው። አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ የዚች ልጅ እናት ምን ትሠራ ነበር ብላ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። እንደ ልብስ ሰፊም፣ እንደ እናትም አፈረች። «ይቅር በይኝ» ያለችው ለራሷም በቅጡ ሳይሰማት ነው።

ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ቢጫው የምራቷ ሐሳብ እንደነበር ልትናገር ጎረቤት ሄደች። ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛ ጭንቅላት እያጠበች ስለነበር ነገሩን ለማስታወስ እንኳ ጊዜ ወሰደባት። አስተማሪዋ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ አለች። ዓይነ ሜትር አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ምራቷ ይህን ከፀጉር ሠሪዋ ሰማች፤ አላነሳችባትም። በሳምንቱ ግን ሕፃኗን እያስተኛች ስለ እናቷ ታወራ ጀመር፤ የድንኳን ሸራ እንዴት ጣት እንደሚልጥ፣ ስንት መርፌ በቀን እንደሚሰበር። ዓይነ ሜትር ፊቷ እየጋለ ሰማቻት። አላቋረጠቻትም።