«ተጫወትን እንጂ አልመታኝም»

ክዊንቴላ ስቶክስ በሕፃን መመዘኛ የደርዊንን ግንባር የፈለጠች ቀን የቤተ ክርስቲያናችንን ሚኒባስ የምነዳዋ ሴትዮ እኔ ነበርኩ። ታዲያ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ማን ሊያወራው!

ከግንባሩ በፊት ግን ልጅቷን ላስተዋውቃችሁ። ክዊንቴላ እዚሁ ሚሲሲፒ ደልታ፣ ከጥጥ እርሻው ጥግ፣ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው ያደገችው። እግረ ረጅም ናት፣ ምላሷ ምላጭ። አባቷ በሕይወት ሳለ እናቷን ኢርሊንን የእሁድ ልብሷን እንደለበሰች ከበረንዳው ወርውሮ መንጋጋዋን ሰብሯታል። ኢርሊን እስከ ዛሬ በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው። «ምን ሆንሽ?» ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ስንጫወት ወደቅሁ።» ሰውም «እንግዲህ ቀስ ብላችሁ ተጫወቱ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። የእኛ መንደር ጨዋታ እንዲህ ነው፤ ጥርስ ያወልቃል።

ይህች ልጅ ኮሌጅ ገባች። ሁለተኛ ዓመቷን እንደጨረሰች፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት በዕረፍቱ ወራት፣ ዩኒቨርሲቲው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ምርምር ላይ አሰማራት። እንደ እሷ ካሉ፣ ተመራማሪ ወጥቶባቸው ከማያውቁ ቤቶች የመጡትን ተማሪዎች እየመረጠ ለእያንዳንዳቸው አንድ መካሪ ይመድባል። ለእሷ የደረሷት ዶክተር ቨርኔዝ ሚምስ ናቸው። እሳቸውም የደልታ ልጅ ናቸው። ቁመታቸው ከክዊንቴላ ትከሻ አይዘልም፤ ሲቆጡ ግን ጣሪያው ይነሳል።

ሥራው ከቤት ቤት እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችን መጠየቅ ነበር፤ ምን በላሽ፣ ደም ግፊትሽ ስንት ነው፣ ቤት ውስጥ የሚመታሽ አለ ወይ? እኔ አደርሳቸዋለሁ። ዶክተሯ በየበሩ ያስጠነቅቋታል።

«ጠይቂ፣ ስሚ፣ ለኪ፣ ውጪ። ጠብ ካየሽ ወደ እኔ ሩጪ። የቀጠርኩት ተማሪ ነው፤ ጀግና አልቀጠርኩም።»

«እሺ ሚስ ቨርኔዝ፤ ጀግንነቱን ለሌላ ቀን አስቀምጠዋለሁ» ትላለች፣ ያቺ ምላስ።

ላኪታ ቤት የሄድነው በአንድ ማክሰኞ ነው። ላኪታ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ቀድሟት በር ከፈተች። አንደኛው ዓይኗ እንደ በሰለ ፕሪም ጠቁሮ ተደፍኗል። ክዊንቴላ ገብታ ጠየቀች፣ ለካች፣ ወጣች።

«ዓይኗስ?» አሏት ዶክተሯ ሚኒባሱ ውስጥ።

«ባልሽ ደርዊን መትቶሽ ነው ወይ አልኳት። ‹ኧረ! ተጫወትን እንጂ አልመታኝም› አለች። አልተመታችም ብዬ ጻፍኩ።»

ዶክተሯ ቀስ ብለው፣ «ክዊንቴላ፣ በእናንተ ቤት ጨዋታ ምን ሰበረ?» አሉ።

ልጅቷ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ‹አልተመታችም› ያለውን መስመር ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው።

«ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ ቢሆን ያንን ዓይን አይቶ ይጮህ ነበር» አሏት ጀርባዋን እያሹ። «አንቺ ቃሉን ከጡት ጋር ስለጠባሽው አልጎረበጠሽም። ላኪታ እንዲህ እየተጫወተች ከሰነበተች እስከ ምጧ ቀን አትደርስም።»

«እንመለስና እናውጣት!»

«አውጥተን የት እናስገባት? መጀመሪያ መሸሸጊያ ላፈላልግ።»

በማግስቱ ለላኪታ መሸሸጊያ ተገኘ። ደርዊን ከዓሣ ፋብሪካው የሚመለሰው ማታ ነው ብለን በጠራራ ፀሐይ ሄድን። ክዊንቴላ ለጎረቤት ዓይን መሸፈኛ እንዲሆናት የሕፃን መመዘኛውን ታቅፋ ገባች። ለካ ፋብሪካው ማሽን ተበላሽቶበት ሠራተኛውን በትኗል! ዕቃ ሲሰበር ሰማሁ። ሮጬ በሩን በረገድኩት።

መጥበሻው ተገልብጧል፤ ዓሣው ወለሉ ላይ ተበትኗል። ላኪታ በጎኗ ወድቃ ሆዷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ደርዊን በፋብሪካ ጫማው ይረግጣታል። ጎድኗ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። አፏ ደም ሞልቶ ለእኛ ምን ብትለን ጥሩ ነው?

«ሂዱ! እየተጫወትን ነው!»

ደርዊን ወደ ክዊንቴላ ዞረ። «አንቺስ፣ የኢርሊን ልጅ፣ መጫወት አማረሽ?»

«አዎ» አለችና መመዘኛውን ግንባሩ ላይ አሳረፈችው።

ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። ሹሩባዋን ጠቅልሎ ይዞ ፊቷን ከፍሪጁ ጋር አላተመው፤ አንዴ፣ ደገመው፣ ነጩ በር ቀላ። ዶክተር ሚምስ በእኔ ብብት ሥር ሾልከው ገቡ። ያንን የብረት መጥበሻ አንስተው ጉልበቱን አሉት። ሲንበረከክ ደግመው ማጅራቱን። «ይሄ ለዓይኗ! ይሄ ለተማሪዬ!» ጀግና አልቀጠርኩም ያሉት ሴትዮ! በደረቱ ሲደፋ እኔ ጀርባው ላይ ተቀመጥኩበት። ያን ቀን እግዚአብሔር ይህን ሁሉ ሥጋ ለምን እንደ ጫነብኝ ገባኝ። ፖሊስ እስኪደርስ አልተነሳሁለትም።

ላኪታን በዚያው ሰዓት ቀዶ ጥገና አስገቧት። ሴት ልጅ ያለጊዜዋ ወጣች፣ ከጫማ የማትበልጥ፤ ግን አለቀሰች! እናቲቱ ስትነቃ ጎድኗ ታስሯል፤ የተሰበረ መንጋጋዋም በሽቦ ተጠርቅሟል። ከሌላ ግዛት የመጣ ጎረምሳ ፖሊስ አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

«ሰውየው ሦስት ሴቶች ቤቴ ገብተው ደበደቡኝ ነው የሚለው» አላት። «እሱ አንቺን መትቶሻል?»

ራሷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀች። አልመታኝም።

«አልመታኝም ካልሽ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማስረው እነዚህን ነው።»

እኔ እስር ቤቱን አልፈራሁም። የፈራሁት ያንን የፋብሪካ ጫማ ነው፤ ላኪታም ያቺ ጫማ የምታህል ልጅም የሚመለሱት ወደ እሱ ቤት ነበር።

ግንባሯ በስፌት የተወጠረው ክዊንቴላ ጎንበስ አለችላት። «ላኪታ፣ የኔ ማር፣ ስትጫወቱ ማነው የሚወድቀው?»

የላኪታ ጣት ቀስ ብሎ ተነሣና የራሷ ደረት ላይ አረፈ።

«ሌላስ?»

እጇ ወረደና የተሰፋ ሆዷ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ ፖሊሱ።

«መታኝ ማለት ነው» አለ ድምፅ ከበሩ። ዞር ስንል ኢርሊን ናት፤ ለልጇ ቅያሪ ልብስ ይዛ መጥታለች። «ጻፍ፣ አንተ ልጅ። አስተርጓሚህ እኔ ነኝ። ይሄንን ቋንቋ ባሌ እስኪሞት ተናግሬዋለሁ።»

ፖሊሱ ላኪታን አየ። ላኪታ ራሷን ነቀነቀች፤ አሁን ግን ከላይ ወደ ታች። እሱም ጻፈ።

ደርዊን አልተለቀቀም። ዶክተር ሚምስም ያቺን ‹የሚመታሽ አለ ወይ?› የምትል አሮጌ ጥያቄ ከመጠይቃቸው ሰርዘው የክዊንቴላን ‹ስትጫወቱ ማነው የሚወድቀው?› ተኩ። ኢርሊን ግን ከሆስፒታሉ አልወጣችም። ወንበር ስባ ላኪታ አጠገብ ተቀመጠች። «ሽቦው ሲፈታ መጀመሪያ ለስላሳ ባቄላ» አለቻት፤ «በግራ በኩል ብቻ። ቆይ፣ አሳይሻለሁ።»